ጫማቸውን የሰቀሉ ኳስ ተጫዋቾች መንገድ ላይ ያጋጠሟችሁ ወሎዬዎች፣ እስኪ አጫውቱን

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ፣ ከዚያ እናንተ ትቀጥላላችሁ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየተመለስኩ ነበር። ሚኒባሱ ሞልቶ ወጣን። ከጎኔ አንድ አባት ተቀምጠዋል። ግራጫ ኮት፣ ትከሻቸው ላይ ነጭ ፎጣ፣ በቀኝ እጃቸው ከዘራ። ቀኝ እግራቸው አይታጠፍም፤ ወደ መተላለፊያው ዘርግተውታል። ረዳቱ በላዩ እየተሻገረ ሂሳብ ይሰበስባል። ከፊታችን አንዲት ሴት አንድ ፌስታል ሙሉ ብርቱካን ታቅፋለች።

ሐረጎን መውጣት ስንጀምር እንደ ልማዱ ጉም ወረደ። አንዱ ኩርባ ላይ ከላይ የሚመጣ አይሱዙ ድንገት ብቅ አለና ሾፌሩ ፍሬን ረገጠ። ፌስታሉ ተቀደደ። ብርቱካኑ ወለሉን ሞላው። ሁላችንም ለመልቀም ስንሻማ አንዷ እየተንከባለለች ወደ እኒያ አባት መጣች። ጎንበስ አላሉም። በግራ እግራቸው ሶል ቀስ ብለው አቆሟት። ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጓት። ወዲያው የጫማቸውን ጫፍ ከሥሯ አስገብተው ብድግ! ብርቱካኗ እስከ ጉልበታቸው ወጣች። በእጃቸው ቀለቧትና ለሴትዮዋ አቀበሏት። ፊታቸው ላይ የተለየ ነገር የለም። እግራቸው ያውቀዋል፣ ሠራው፣ አለቀ።

«አባባ፣ ኳስ ተጫውተዋል እንዴ?» አልኳቸው።

«በምን አወቅክ ልጄ?»

«በብርቱካኗ።»

ሳቁ። ከዚያ ደሴ እስክንገባ ወሬው አላለቀም።

በጃንሆይ መጨረሻና በደርግ መጀመሪያ ዓመታት ለወሎ ምርጥ በግራ ክንፍ ተጫውተዋል። የዚያን ጊዜ ኳስ አፉ በጠፍር የሚታሰር ቆዳ ነው። የደሴ ዝናብ ሲመታው ውኃ ይጠጣና ድንጋይ ይሆናል። «ቴስታ ስትመታ ጠፍሩ ግንባርህ ላይ ካረፈ፣ ማታ መስታወት ስታይ እዚያው ታገኘዋለህ» አሉኝ። ታኬታም አንድ ለሁለት ነበር። አንዱ ተቀይሮ ሲወጣ ሌላው እዚያው መስመሩ ላይ አጥልቆ ይገባል። ቁጥሩ ከሰፋ ካልሲ ይደረባል።

በጣም የወደድኩትን ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። በመኪና ትንሽ መንገድ ነው፤ ለሳንባ ግን ሌላ አገር ነው። «የኮምቦልቻ ልጆች እኛ ጋ ሲመጡ ሃያ ደቂቃ ብቻ እናስሮጣቸዋለን። ከዚያ በኋላ አየሩ ይጫወትልናል» አሉ። «እኛ ስንወርድ ደግሞ ሙቀቱ ይበቀልላቸዋል።»

ስለ እግራቸው ጠየቅኩ። አንድ ቀን ሆጤ ሜዳ ላይ ተከላካይ ከጎን ገባባቸው። ጉልበታቸው ድምፅ አወጣ። ወጌሻ አሻቸው። በሳምንቱ ተሰለፉ። «እግሩ የሄደው ያኔ ነው» አሉና መታ መታ አደረጉት፣ ልክ የታመመ በግ እንደሚያባብሉ።

ሸዋ በር ላይ ወረዱ። ስልካቸውን አልተቀበልኩም። ስማቸውን ነግረውኛል፣ ግን ለመጻፍ ስላላስፈቀድኩ አልጽፍም።

እኔ ሆጤ ሜዳ አጠገብ ነው ያደግኩት። የእንግሊዝ ክለቦችን የድሮ አሰላለፍ ከበረኛ እስከ አጥቂ በቃሌ እወጣዋለሁ። የከተማዬን ግራ ክንፍ ግን ብርቱካን ካልወደቀ አላውቀውም ነበር። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። እናንተስ? እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ምን አላችሁት?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ማሻአላህ። የብርቱካኗን ቦታ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወላሂ አለቀስኩ። አባቴም ጉልበቱን እንዲያ መታ መታ ያደርግ ነበር። እሱ ግን ኳስ ተጫዋች ሳይሆን ሹፌር ነበር።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

የሆጤ ልጅ፣ ስለ አየሩ የተባለው እውነት ነው። ሙቀቱም እውነት ነው። አሁን የእኔን ስሙ።

ጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ሠርቻለሁ። ፋብሪካው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው ሥራ የጀመረው። እኔ የገባሁት ከዚያ በጣም ቆይቼ ነው። ፈትል ክፍል ከአንድ ዝምተኛ ሰው ጋር አንድ ፈረቃ ነበርን። ጋሼ ነው የምንላቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከ«እንደምን አደርክ» እና ከ«ክሩ ተበጠሰ» ውጭ ብዙ አላወራንም። የማሽኑ ጩኸት ራሱ አያስወራም።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ማሽኑ ሲቆም የሚመጣውን ዝምታ የሠራበት ሰው ያውቀዋል። ሁላችንም ግቢ ወጣን። ልጆቹ ኳስ አምጥተው ሁለት ድንጋይ አስቀምጠው ፔናልቲ መምታት ጀመሩ። በረኛ የሚሆን ጠፋ። ጋሼ ጋቢያቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና መሐል ገብተው ቆሙ። ያኔ ሃምሳን አልፈዋል።

አምስት ተመታ። አራቱን ያዙ። አምስተኛው ከድንጋዩ ውጭ ሄደ። እና ምን ገረመኝ መሰላችሁ፣ አይዘሉም። ኳሱ ከመመታቱ በፊት አንድ እርምጃ ብቻ ይሄዳሉ። ኳሱ ራሱ መጥቶ እጃቸው ላይ ያርፋል።

ስንመለስ ምስጢሩን ጠየቅኳቸው። «የሚመታውን እግር አትይ» አሉኝ። «እሱ ያታልልሃል። ዓይኑም ያታልልሃል። የቆመው እግር ግን አይዋሽም። የቆመው እግር ጣት ወዳየበት ነው ኳሱ የሚሄደው።» በፋብሪካው ቡድን ዓመታት በረኛ ነበሩ። ጠዋት ልምምድ፣ ከሰዓት ፈረቃ። ጨዋታ ያለ ቀን አለቃቸው ቀደም ብሎ ይለቃቸዋል፣ ሰኞ ግን እኩል ከሁሉም ጋር ማሽን ላይ ናቸው።

የፋብሪካ ኳስ እንዲህ ነበር። የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ ኮተን የሚሉት፣ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ወስዷል። ሠራተኛ ቡድን ነው የአገሪቱን ዋንጫ ያነሳው። አሁን ያሉ ልጆች ሳወራቸው ተረት ይመስላቸዋል።

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ ጋር የምናወራው በዛ። ከጩኸቱ በላይ እየጮኸን ማለት ነው።

ሚስማር ተራ (አዲስ አበባ፣ ትውልዴ ሐይቅ)

ታሪኮቹን ወድጃቸዋለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ላንሳ፣ ማንንም ለማሳነስ አይደለም። ከተወሰነ ዕድሜ በላይ ያለ ወንድ ሁሉ «ለምርጥ ተጫውቻለሁ» ይላል። አዲስ አበባ ስታዲየም ሚስማር ተራ ቁጭ ብዬ ካደግኩባቸው ዓመታት ስንቱን ሰምቻለሁ። እውነተኛውን በምን ትለያላችሁ?

እኔ የምለይበትን ልንገራችሁ። ያልተጫወተ ሰው ስለ ራሱ ጎል ያወራል። የተጫወተ ሰው ስለ ሌሎቹ ያወራል። «ከኋላዬ የነበረው ልጅ ባይኖር» ይላል። ማን ኮርና እንደሚመታ፣ ማን ሁልጊዜ ማልያውን እንደሚረሳ ያስታውሳል። የተሸነፈበትንም ጨዋታ ከነሰዓቱ ይነግርሃል።

ሌላው፣ ብሔራዊ ቡድኑን የሚያስታውሱበት መንገድ ነው። በ1980 ታኅሣሥ ሴካፋን፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫን፣ አዲስ አበባ ላይ ስንበላ ብዙው ሰው የሚያስታውሰው ደምሴ ዳምጤ በሬዲዮ እያለቀሰ ሲያስተላልፍ ነው። እኔም እንዲሁ። ዚምባብዌን 1 ለ 1 ጨርሰን በፔናልቲ 5 ለ 4። አንድ የቀድሞ ተከላካይ ስለዚያ ቀን ሲያወራኝ ግን ስለ ፔናልቲው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያወራው ከጭማሪው ሰዓት በፊት ስለነበረችው አጭር እረፍት ነው። «ያኔ ሳር ላይ የተቀመጠ ሰው አልቆለታል። የቆመ ነው የሚጫወተው» አለኝ። ይሄን ያልተጫወተ ሰው አያውቀውም።

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

ሚስማር ተራ፣ ልክ ነህ። እኒያ አባትም ስለ ራሳቸው ጎል አንድም አላወሩም። ግራ መስመር ከኋላቸው ስለነበረው ተከላካይ ግን ከሐረጎ እስከ ሸዋ በር አወሩልኝ። «እሱ ከኋላዬ ሲኖር ዞር ብዬ አላይም ነበር» አሉ።

ፒያሳ ቡና (ደሴ)

የእኔ አጭር ናት፣ ግን ቀኗ ትገርማለች።

በ2005 ጥር ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ስንጫወት ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ነበርኩ። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ የገባንበት። ቦታ ጠፍቶ ሰው ወንበር ለሁለት ተቀምጧል። ከእኔ ጋር አንድ ወንበር የተጋሩት አንድ አባት ናቸው። ሳላዲን ፔናልቲ ሲስት ቤቱ ሁሉ ጮኸ፣ እሳቸው ጸጥ። ጀማል ጣሰው በቀይ ሲወጣ ሰው ራሱን ያዘ፣ እሳቸው ጸጥ። እረፍት ልንወጣ ስንል ዛምቢያ አገባች። አሁንም ጸጥ። በእጃቸው ግን ጠረጴዛው ላይ የሆነ ነገር ያንቀሳቅሳሉ። ሳይ፣ የስኳር ከረጢቶች ናቸው። አሥሩን ልጆች ደርድረው፣ በአንድ ሰው ጎድሎ እንዴት መቆም እንዳለባቸው እያስተካከሉ ነው።

አዳነ ግርማ በ65ኛው ደቂቃ ሲያገባ ተቃቀፍን። ያኔ ጆሮዬ ሥር መጥተው ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ዛሬ እኮ ጥር 13 ነው!»

አልገባኝም ነበር። እሳቸው ነገሩኝ። በ1954 ዋንጫውን የበላነው ጥር 13 ነው። ሃምሳ አንድ ዓመት፣ በቀኗ። ያኔ ልጅ ሆነው ጎረቤት ሬዲዮ በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። ሁለቴ ተመርተን ሁለቴ ነው የመጣነው። በ74ኛው ደቂቃ አቻ አድርገን በ75ኛው እንደገና ገባብን። በ84ኛው ሉቺያኖ አዳነን። ጭማሪ ሰዓት ላይ ኢታሎ፣ ከዚያ መንግሥቱ ወርቁ። 4 ለ 2። «ያቺን አንዲት ደቂቃ፣ ከ74 እስከ 75 ያለችውን፣ እስካሁን አልረሳኋትም» አሉ። «ኳስ ተጫዋች የሆንኩት በእሷ ነው። ገብቶብህ ቆመህ መሄድ ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ።»

መሐል ተከላካይ ነበሩ፣ እዚሁ ደሴ። ሒሳቤን ከፈሉልኝ፣ እምቢ ብል አልሰሙኝም።

ሚስማር ተራ (አዲስ አበባ፣ ትውልዴ ሐይቅ)

ጥር 13! ይሄን አላውቅም ነበር። የቀን መቁጠሪያ አውጥቼ ነው ያየሁት።

ሉቺያኖን ስላነሳህ፣ ያን ዋንጫ ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው ካፒቴን መስከረም 2015 ላይ ጣልያን ውስጥ አረፈ። እሱ ያህል ሰው ሲያርፍ እንኳ ከተማችን ውስጥ ስንት ሰው ሰማ? ይሄ ያንገበግበኛል። ዋንጫውን «አንድ ጊዜ በልተናል» እያልን በየቀኑ እናወራለን፣ የበሉት ሰዎች ግን አንድ በአንድ ሲሄዱ ቀና ብለን አናይም።

የመርሳ መንገድ (ወልድያ)

የወልድያው ስታዲየም ጥር 2009 ሲመረቅ እኔም ሄጃለሁ። 25,155 መቀመጫ ያለው፣ በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመው ማለት ነው። ያኔ ቡድናችን ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ነበር። ከተማው እንቅልፍ አልነበረውም።

ከምረቃው ሳምንታት በኋላ ጨዋታ በሌለበት ቀን በአጠገቡ ሳልፍ አንድ ሰው ከጥበቃው ጋር ይነጋገራሉ። ይለምናሉ ማለት ይሻላል። «ሳሩን ብቻ ልንካው» ይላሉ። ጥበቃው ልጅ ነው፣ ግራ ገብቶታል። እኔም ገብቼ አማለድኩ። አስገባን።

ሰውዬው ጫማቸውን አወለቁ። ካልሲያቸውንም። መስመሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ ቢስሚላህ አሉና በባዶ እግራቸው ረገጡት። ከዚያ ቁጢጥ ብለው በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ሕፃን ልጅ ፀጉር እንደሚዳስሱ። ወልድያ ውስጥ አቧራ ላይ ነው የተጫወቱት። በጋ ላይ ጨዋታ ሲኖር ጠዋት ሴቶች ውኃ ይረጩበት እንደነበር ነገሩኝ። መንሸራተት የሚባል ነገር የለም፤ የተንሸራተተ ሰው ጭኑ ይላጣል። ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው አሳዩኝ። ከጉልበት በላይ ቆዳው እስካሁን የተለየ ነው፣ እንደ ተቃጠለ ነገር ያብረቀርቃል።

«ይሄ ቢኖር ኖሮ» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ጥበቃው ልጅ ውኃ አመጣላቸው። ለመጠጣት መስሎኝ ነበር። እግራቸውን ታጥበው ጫማቸውን አደረጉ።

ዓሣ ቤት (ሐይቅ)

ወንድሞቼ፣ ሁላችሁም ስለ ወንድ ብቻ ነው የምትጽፉት። ሴቶችም አሉ!

እኛ ሐይቅ ዳር ዓሣ እናበስላለን። አንዲት እህት ከደሴ እየመጣች ዓሣ ትገዛን ነበር፣ ለራሷ ቤት። አንድ ቀን የእኔ ልጅ ግቢ ውስጥ ኳስ ስትመታ አይታ ዘንቢሏን አስቀመጠች። «ቁርጭምጭሚትሽን አጥብቂው» አለቻት። «ለስላሳ ከሆነ ኳሱ አይሰማሽም።» አሳየቻት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ በሸራ ጫማ ኳሷን ግድግዳ ላይ ሃያ ጊዜ አከታትላ መታች። አንዴም መሬት አልነካችም።

እሷ ለደሴ ልጆች ቡድን ተጫውታለች። ሉሲዎቹ፣ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን፣ በ1997 መስከረም ደቡብ አፍሪካ ላይ ከአፍሪካ 4ኛ ሲወጡ ልጅ ነበረች፣ ያኔ ነው ኳስ የጀመረችው። «ከእነሱ በፊት ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም ነበር። ከእነሱ በኋላ ግን መልስ ነበረኝ» አለችኝ። ስታገባ ተወችው። ተወችው ስትል ድምጿ ወረደ።

አሁን በወር አንዴ ትመጣለች። ዓሣውን በዋጋ አልሸጥላትም፣ እሷም ለልጄ ልምምድ አታስከፍላትም። ተስማምተናል።

አብሽር (ከሚሴ)

ሁሉንም አነበብኩ፣ ልቤ ተነካ። ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እየጻፍን ማልቀስ ብቻ ምን ይጠቅማቸዋል? የሆጤ ልጅ፣ ያ አባት እግራቸው አይታጠፍም ብለሃል። ስማቸውን ጻፍ፣ ፎቶ ለጥፍ፣ የባንክ ቁጥር እናውጣ። አሥር ሺህ ሰው አሥር አሥር ብር ቢያዋጣ ስንት ነው? መታወስ ጉልበት አያድንም።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

አብሽር፣ ሐሳብህ የደግ ሰው ሐሳብ ነው። የእኛን በረኛ ግን አታውቃቸውም። ፎቷቸውን «እርዷቸው» ብለህ ብትለጥፍ ከቤት አይወጡም። ሠርተው የኖሩ ሰው ናቸው። ልጆች አስተምረዋል። የሚጎድላቸው ነገር የለም አልልም። ግን ሳይጠየቁ ምስኪን መባል እንደ ቀይ ካርድ ነው የሚሆንባቸው።

አብሽር (ከሚሴ)

እሺ፣ ሳይጠየቁ አይሁን። ተጠይቀው «አዎ» ካሉስ? ብዙዎቹ እኮ አፍረው ነው ዝም የሚሉት። እኔ አንድ የቀድሞ ተጫዋች ጎረቤት ነበረኝ። ክብሩን እንጠብቅ እያልን ሳንጠይቀው ኖርን። መድኃኒት ማቋረጡን የሰማነው ለቅሶው ላይ ነው። ስለዚህ ዝምታ ሁሉ አክብሮት አይደለም። ይቅርታ፣ ቁጣ አይደለም፣ ሐዘን ነው።

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

አብሽር፣ ነፍሱን ይማርልህ። ከአንተ ጋር ነኝ። መጀመሪያ እንጠይቅ፣ በጆሯቸው፣ ለብቻቸው። ፎቶና ስም በአደባባይ ከዚያ በኋላ፣ እሳቸው ካሉ ብቻ። እኔ ግን መጀመሪያ ሰውዬውን ማግኘት አለብኝ። ነገ ሸዋ በር እሄዳለሁ።

ነጭ ጋውን (ደሴ)

እኔ ፊዚዮቴራፒ ነው ሥራዬ። የሆጤ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የታመመው ቀኝ እግራቸው ነው ብለሃል። ከዘራውን በቀኝ እጃቸው ነበር የያዙት?

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

አዎ፣ በቀኝ። ምነው?

ነጭ ጋውን (ደሴ)

ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚይዘው። ልክ አይደለም። ከዘራ በጤነኛው እግር በኩል ባለው እጅ ነው የሚያዘው። ቀኝ እግር ከታመመ፣ በግራ እጅ። ከታመመው እግር ጋር እኩል ወደ ፊት ይሄዳል። ያኔ ሸክሙ ከታመመው ይቀንሳል። በቀኝ ከተያዘ ግን ሰውነት ወደ ታመመው ይደገፋል፣ ወገብም አብሮ ይሄዳል።

የተቀረውን ደግሞ ልንገርህ። በኳስ የተጎዳ ጉልበት፣ ውስጡ ያለው ትራስ፣ ሚኒስኮ የምትሉት፣ ከተቀደደ ከዓመታት በኋላ መገጣጠሚያው የመበላት ዕድሉ ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ሳይድን በሳምንቱ ከተሰለፉበት! ያም ሆኖ ሁሉም ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ያርፋል። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ ትንሽ መያዝ፣ ቀስ ብሎ ማውረድ። ቀላል ይመስላል፣ በትዕግሥት ከተሠራ ግን ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ ግን መታየት አለባቸው። ካገኘሃቸው እኔ ጋ አምጣቸው። የእኔን ጊዜ አላስከፍልም።

አብሽር፣ መታወስ ጉልበት አያድንም ብለሃል። እውነት ነው። ግን ካልታወሱ ማን ያመጣልኛል?

አዝዋ ላይ (ደሴ)

ይቅርታ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሳነብ ነበር፣ መጻፍ ፈርቼ። የሆጤ ልጅ፣ እኒያ አባት ግራ ቅንድባቸው ላይ ጠባሳ አለ? እንደ ጨረቃ የታጠፈ?

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

አለ! በደንብ አስታውሳለሁ። ታውቃቸዋለህ?

አዝዋ ላይ (ደሴ)

አውቃቸዋለሁ አልልም። ሳሎናችን ውስጥ ነው ያሉት።

አባቴ ለወሎ ምርጥ ተጫውቷል። ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ፎቶው ግድግዳ ላይ አለ፣ ጥቁርና ነጭ። ስድስት የቆሙ፣ አምስት የተንበረከኩ። ከተንበረከኩት መሐል ከግራ ሁለተኛው ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ከኋላው በእስክርቢቶ የአሥራ አንዱም ስም ነበር፣ የአባቴ ጽሑፍ። አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ፎቶው ረጠበ። አንዱ ስም ተለቀለቀ። ከቆሙት የመጨረሻው። እናቴ እስካሁን «ይሄ ማን ነበር?» ትላለች። የሚነግረን ሰው አላገኘንም።

አባቴ ግራ ተከላካይ ነበር።

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

ግራ ተከላካይ? «እሱ ከኋላዬ ሲኖር ዞር ብዬ አላይም ነበር» ያሉት አባትህን ነው! በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። አሁኑኑ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ያ አላህ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የማነበው። ምን እንደሆነ እንዳትደብቁን።

ነጭ ጋውን (ደሴ)

እኔም እጠብቃለሁ።

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

ተገኙ! ሸዋ በር አንድ ሱቅ ስለ ከዘራውና ስለ ነጩ ፎጣ ስናገር ልጁ ወዲያው አወቃቸው። ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ጠጣሁ፣ ሦስቱንም። ስለ እናንተ ሁሉ ነገርኳቸው። «ስሜን አትጻፍ፣ ታሪኩን ጻፍ» ብለዋል። ስለ ሕክምናው ደግሞ ለብቻቸው ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እሺ፣ ልታይ» አሉ። ነጭ ጋውን፣ ማክሰኞ እናመጣቸዋለን። እሁድ ጠዋት ሆጤ እንገናኝ ተባብለናል፣ ከአዝዋ ልጅ ጋር። የቀረውን እሱ ይጻፈው፣ የእሱ ነው።

አዝዋ ላይ (ደሴ)

ሁለት ሳምንት ዘገየሁ፣ ይቅር በሉኝ።

እሁድ ፎቶውን ከግድግዳ አውርጄ በእናቴ ነጠላ ጠቅልዬ ሄድኩ። ቀድመውኝ ደርሰዋል። ሜዳው ዳር ቆመው ልጆች ሲጫወቱ ያያሉ። ከሩቅ አይተውኝ «አካሄድህ የእሱ ነው» አሉኝ፣ ገና ሰላም ሳልላቸው። ጉንጬን ስመው ብዙ ቆዩ።

ተቀመጥን። ነጠላውን ፈታሁ። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አላነሱትም፣ ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩታል። ከዚያ በጣታቸው አንድ በአንድ እየነኩ ሄዱ። ይሄ ሞተ። ይሄም። ይሄ አሜሪካ ነው። ይሄን ከ1969 በኋላ ያየው የለም። አባቴ ላይ ሲደርሱ ምንም አላሉም። ጣታቸው እዚያ ቆየ።

የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። «ይሄማ» አሉና ስሙን ጠሩት፣ ትናንት አብረውት እንደዋሉ። ሳቁም። «ማልያውን ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ይሄ ራሱ የለበሰው የእኔ ትርፍ ነው፣ ተመልከት፣ ጠቦታል።» አየሁ። እውነትም እጅጌው ክንዱን ጨምድዶ ይዞታል። ይሄን ፎቶ ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው አላስተዋልኩትም።

እስክርቢቶ ጠየቁኝ። መነፅራቸውን አድርገው ፎቶውን ገለበጡ። ውኃው የለቀለቀውን ቦታ በእጅጌያቸው ጠረጉ፣ ቀስ ብለው ስሙን ጻፉ። ከጎኑ «ቀኝ ተከላካይ» ብለው ጨመሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ፊደሉ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ሊነሱ ሲሉ ከዘራቸውን አቀበልኳቸው። በግራ እጃቸው ተቀበሉኝ። «ልጅቷ ናት ያስተማረችኝ፣ በስልክ» አሉ።

ከዚያ ፎቶውን እንደያዙ ቆሙና «እስከ ሚቀጥለው እሁድ ልያዘው?» ብለው ጠየቁኝ። ለእናቴ ደወልኩ። ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«ለምን እስከ እሁድ?» አለች። «ሲጠግበው ያምጣው። ሲያመጣው ግን ራሱ ይምጣ፣ ምሳ እሠራለሁ።»